መደብህን በገዛ እጄ አፈረስኩት

ማርቆስ፣ የቤተል አባት፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እንባ እየቀደመኝ ነው። ዛሬ እንባው የለም፤ ተናድጃለሁ። በእነሱ ተናድጃለሁ፣ በአንተም ተናድጃለሁ። ስለዚህ «እኔ ደህና ነኝ፣ አንተስ እንዴት ነህ» ምናምን አልልህም። ደህና አይደለሁም። አንተ በጌታ ዘንድ ዐርፈሃል፤ የእኔን ጩኸት ትችለዋለህ። በሕይወት እያለህም ችለኸዋል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ቤሪያ ሰፈር እዚያው አፓርታማ ነን። ሊፍቱ አንተ እያለህ እንደቆመ ቆሟል፣ ስድስት ፎቅ በእግሬ እየወጣሁ ጉልበቴ አለቀ። ቤተል በቁመት በልጣኛለች። ዙሉው ከአማርኛው ይቀናታል፣ ስትቆጣኝ ደግሞ እንግሊዝኛ ውስጥ ትገባለች፤ አቀርቅራ ስትስቅ ግን ቁርጥ አንተን ናት። ጀፕስታውን ያለውን ሱቅ አልዘጋሁትም። ሁሉም «ይቅርብሽ፣ ሴት ብቻዋን አትችለውም» ሲለኝ እልህ ያዘኝና ቻልኩት። የሆሳዕና ልጆች ለእስፓዛቸው፣ ለየሰፈር ሱቃቸው፣ ብርድ ልብስ ሊወስዱ ሲመጡ ዛሬም የማርቆስ ሱቅ ነው የሚሉት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። መደብህ የለም። አፈረስኩት። በገዛ እጄ፣ በዲጂኖና በመዶሻ።

ቆይ፣ አትቆጣ። የመቆጣት ተራው የእኔ ነው።

ያ መደብ ለእኔ ምን እንደነበር አንተ አታውቅም። አስከሬንህ ወደ ሆሳዕና ሲሄድ እኔ እዚህ ቀረሁ። በጥገኝነት ወረቀት አገሬ ከገባሁ መመለሻ የለኝም፣ ቤተልንስ ለማን ጥዬ? ቀብርህን ያየሁት ወንድምህ በስልኩ ቀርጾ በላከልኝ ቪዲዮ ነው፤ እሱም ግማሹ የሰው ጀርባ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ሄዳ አፈሩ ላይ ቁጭ ብላ ታወራዋለች። እኔ አፈሩ የለኝም። ስለዚህ በየጠዋቱ ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ሻዬን ይዤ የሱቁ በረንዳ ላይ፣ አንተ በሠራኸው መደብ ላይ ቁጭ እልና አወራህ ነበር። የቤተልን ውጤት እዚያ ነው የነገርኩህ። የሰደብኩህም እዚያ ነው፣ ለምን ሐኪም ቤት ቶሎ አልሄድክም እያልኩ።

የሠራኸው እኔ አራስ ቤት ሆኜ ነው። የቶኮዛዋ ደንበኛችን ጎጎ ታንዲ፣ «ምንታናሚ»፣ ልጄ፣ እያለች የምትጠራህ አሮጊት፣ ብርድ ልብሷን ተሸክማ ታክሲ ስትጠብቅ በረንዳው ጠርዝ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። አንተ ደግሞ ሆሳዕና ግንበኛ የነበርክ ሰው፣ አላስቻለህም። አባትህ ቤት ከጭቃ የተሠራ መደብ እንዳለ ሁሉ፣ በሲሚንቶ አድርገህ ግድግዳውን አስደግፈህ በሳምንት ውስጥ ጨረስከው። ቤተልን አዝዬ ስመጣ አሮጊቶቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ አንተ በሩ ላይ ቆመህ ጥርስህ አይከደንም። ይኼ ሱቅ ነው ወይስ ለቅሶ ቤት ብልህ ሳቅህን ለቀቅከው። ቆይቶ ያገራችን ልጆችም ለመዱት። ወረቀት ያገኘ፣ ወረቀት የተከለከለ፣ ሚስት ከአገር ቤት ያስመጣ፣ ሁሉም ወሬውን ይዞ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ሁለት የተጣሉ ሸሪኮች መሃል ተቀምጠህ ስታስታርቅ ስንቴ አይቼሃለሁ።

ከዚያ ያ ማመልከቻህ መጣ። አከራያችን ሱቃችን ያለበትን ቤት አፍርሶ የገበያ አዳራሽ ለሚሠራ ሰው ሊሸጠው ነው ሲባል ሰማህ፤ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሕንፃ ያለፈቃድ አይፈርስም የሚል ሕግ እንዳለ ደግሞ ከአንድ ደንበኛ ሰማህ። ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ነው ሲሉህ እንዴት እንደተደሰትክ፣ አንተ ያሠራኸው ይመስል! ሰኞ ሰኞ ሱቁን በእኔ ላይ ጥለህ የቅርስ ቢሮ ትሄዳለህ። የበረንዳውን የብረት ምሰሶ ትለካለህ፣ አሸንዳውን ፎቶ ታነሳለህ። የማን ቤት ነው የምትከራከርለት፣ ካርታው በስምህ ነው ወይ እያልኩ ነዘነዝኩህ። ያስጠጋን ቤት ሲፈርስ ቆሞ ማየት ነውር ነው ብለህ አፌን አስዘጋኸኝ። ማመልከቻውን አስገባህ። መልሱ ሳይመጣ ስኳሩ ወሰደህ።

ዘንድሮ መልሱ መጣ። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቧል፣ አይፈርስም ይላል። እሰይ ብዬ ብቻዬን እልል አልኩ! እሑድ በኅብረታችን ፊት ቆሜ ምስክርነት ሰጠሁ፤ ማርቆስ ከሞተ በኋላም ጌታ ልመናውን ሰማ ብዬ። ወይ የኔ ነገር! ገና ምኑ ታይቶ።

በሁለተኛው ሳምንት የቅርስ ኮሚቴው የላካት ሴት መጣች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ሜትር ይዛ፣ በየጥጉ «ግሩም ነው፣ ግሩም ነው» እያለች ዞረች። ደህና ሰው ትመስላለች፣ ሻይም አፈላሁላት። መደብህ ጋ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ። ይኼ የቤቱ አካል አይደለም፣ በኋላ የመጣ ነው፣ በአንድ ወር ውስጥ መነሳት አለበት አለችኝ። ካልተነሳ አከራዩ ይቀጣል። አከራዩም፣ ያ ቤቱን ሊያስፈርስ የነበረው ሰውዬ፣ ድንገት ቅርስ ወዳድ ሆኖ ደወለልኝ። መደቡን ካላነሳሽ ሱቁን ልቀቂ አለኝ። ደሜ ፈላ።

ቢሮው ድረስ ሄድኩ፣ አንተ ስትመላለስበት የነበረው ቢሮ። ባለቤቴ ባይጽፍላችሁ ኖሮ ይህ ቤት ዛሬ አይኖርም ነበር፣ አሁን የእሱን መቀመጫ ታስፈርሳላችሁ ወይ አልኩት እዚያ ያገኘሁትን ሰውዬ። መደቡ ስንት ዓመቱ ነው ብሎ ጠየቀኝ። አሥራ ሁለት፣ የልጄ እኩያ ነው አልኩ። እንግዲያው ስልሳ ሲሞላው ነይ፣ ያኔ እኛው እንጠብቀዋለን ብሎ ሳቀ። ሳቀ፣ ማርቆስ! ጠረጴዛውን ብገለብጥበት ደስ ባለኝ። ወረቀቴ ትዝ አለኝና ንዴቴን ውጬ ወጣሁ። እኛ እዚህ አገር የምንቆጣው እንኳ ወረቀታችንን አይተን ነው።

በአንተ የተናደድኩት ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ነው። ማን ጻፍ አለህ? ቤቱ ቢሸጥ ሌላ ሱቅ እንከራይ ነበር፣ ምን ይጎድልብን ነበር? አሁን በአንተ ማመልከቻ የመጣው ሕግ አንተኑ ጠርጎ ሊያስወጣህ ነው። አብረውኝ የተሳፈሩት ሴቶች እያዩኝ ብቻዬን ስለፈልፍ እብድ መስያቸው ይሆናል።

የማላውቀው ሰው መዶሻ እንዲያርፍበት አልፈለግሁም። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ ከጎረቤት ዲጂኖና መዶሻ ተዋስኩ። አንተ ሰው፣ ምን ነክቶህ ነው? ለመቀመጫ ፌሮ ይገባል? አሮጊት የሚቀመጥበት ነው ወይስ የጭነት መኪና የሚቆምበት? ሲሚንቶ ማብዛትህን አውቃለሁ፣ ይኼን ያህል ግን አልጠበቅሁም። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መዳፌ ውኃ ቋጠረ። መዶሻውን ባሳረፍኩ ቁጥር እሰድብሃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ደግሞ እሰድብሃለሁ። ጎጎ ታንዲ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኗ ስትመለስ መጣች። ከዚያ ነጭ ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ስብርባሪውን በባልዲ ታወጣ ጀመር። አንተ ብትሆን ተዪ ትላት ነበር። እኔ አላልኳትም፤ እሷም የተቀመጠችበት ነው።

የመጨረሻውን ቁራጭ በዲጂኖ ሳነሳው ከሥሩ ላስቲክ ወጣ። ያ የብርድ ልብስ ቦንዳ የሚታሸግበት ወፍራም ላስቲክ፣ ሦስት እጥፍ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ተለጥፎ። ስገልጠው የድሮው ባለ ቀለም የሸክላ ወለል ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቀዩ ቀይ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ፣ አንዲት ጭረት የለበትም። የቀረው በረንዳ ከእግር ብዛት ደብዝዞ ተሰነጣጥቋል፤ የአንተ ጥግ ብቻ ትናንት የተነጠፈ ይመስላል። ሲሚንቶህ እንዳይነካው ሸፍነኸው ነበር። ማንም ሳያዝህ፣ ስለ ሕጉ ከመስማትህ ከብዙ ዓመት በፊት።

እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን እንደሚነሳ ታውቅ ነበር ማለት ነው? ታዲያ ምናለ ብትነግረኝ? እኔ እኮ እስከ ዘላለም የሚኖር መስሎኝ ነው ሐዘኔን ሁሉ እዚያ ያራገፍኩት። ይህን ይቅር እስክልህ ድረስ ጊዜ ስጠኝ።

ሴትዮዋ ማክሰኞ ተመለሰች። ወለሉን ስታይ አጨበጨበች። ይህን ያህል ዘመን ሳይጎዳ መቆየቱ እንዴት ያለ ዕድል ነው አለች። ዕድል! ወዲያው ግድግዳው ላይ የሚሰቀለውን የሰሌዳ ጽሑፍ አሳየችኝ። ቤቱን ያሠራው ነጋዴ ስም አለበት። የበረንዳው ብረት በመርከብ ከየት እንደመጣ አለበት። የነጋዴው ቤተሰብ ከለቀቀ በኋላ ግን ቤቱ ለብዙ ዓመታት «ችላ ተብሎ ቆየ» ይላል። በዚያ «ብዙ ዓመታት» ውስጥ እኮ አንተ አለህ! ጣራ ላይ ወጥተህ ቆርቆሮ ስትለውጥ፣ ከመዝነቡ በፊት አሸንዳ ስትጠርግ፣ የላላውን ጡብ በድሮው ዓይነት ኖራ ስትመልስ፣ እኔ መሰላሉን ይዤ ውረድ እያልኩ ስጮህብህ። ይኼ ሁሉ ችላ ማለት ተባለ።

አልቻልኩም። ወረቀቴም ትዝ አላለኝም። ላስቲኩን ከሱቅ አውጥቼ እግሯ ሥር ዘረጋሁት። ዕድል ያልሽው ይኸውልሽ፣ ስሙ ማርቆስ ይባላል፣ ጻፊው አልኳት። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረብኝ፣ ግን ገብቷታል። ፊቷ ቀላ፣ አዘነች፣ አልዋሽም። ሰሌዳው ታትሞ አልቋል፣ ታሪኩም የሚያበቃው ነጋዴው ጋ ነው አለችኝ። ባለፈው ሐሙስ ሰቀሉት። ስምህ የለበትም።

እንግዲህ የምልህን ስማኝ። ያን ሰሌዳ ለማንበብ ሰው በቆመ ቁጥር ከሱቄ እወጣለሁ። ደንበኛ ካለ ይጠብቃል። ይህን ወለል ዛሬ የምታዩት ባሌ ማርቆስ በላስቲክ ሸፍኖ ስላቆየው ነው፣ ቤቱም የቆመው እሱ ስለጻፈ ነው እላቸዋለሁ፤ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬም፣ ቤተል ባስተማረችኝ ዙሉም፣ አበሻ ከሆኑ በአማርኛችን። ትናንት ለሁለት ሰዎች ነገርኳቸው። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ሸክላውን ዳሰሰ። ሌላው ሰዓቱን አየ፤ እሱን እስከ መጨረሻው አቁሜ አሰማሁት።

ንዴቴ አልበረደም፣ እንዲበርድልኝም አልጸለይኩም። ተቀምጬ የማወራህበትን ወስደውብኛል። ከእንግዲህ ቆሜ አስታውስሃለሁ።

አስቴር፣ የቤተል እናት