የማን ልጅ ነህ በይው

ውድ አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ወንድሜ ቤት ሆነህም የግድግዳ ሰዓታቸውን ስትነካካ እንደምትውል አይጠፋኝም። ተዋቸው፣ ትንሽ ይዘግዩ! ዛሬ የምጽፍልህ ልኮራብህ ነው።

ሆስፒታላችን ውስጥ አንዲት ነርስ ልትባረር ነበር። ታካሚዎች በሚተኙበት ዋርድ ያለው ኮምፒውተር የአንድ ታካሚ ደም የተቀዳበትን ሰዓት መዝግቧል፤ የላቦራቶሪው ደግሞ ከዚያ በፊት ተረክቤዋለሁ ይላል። "ገና ያልተቀዳ ደም እንዴት ይደርሳል? የሌላ ታካሚ ደም ልካለች" ተባለች። ኮሪደር ላይ ስታለቅስ አገኘኋት። የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊያችንም "ሁለቱም ሰዓት የሚወስዱት ከኔትወርክ ነው፣ አይሳሳቱም" ብሎ ድርቅ አለ።

አንተ ምን ነበር የምትለኝ? "ሰዓትን ስንት ነህ ብለሽ አትጠይቂው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሽሻል። የማን ልጅ ነህ በይው።"

ጠየቅኩት። የሰዓት ማመሳሰያውን ፕሮግራም ከፈትኩ። ኮከብ ያለበት መስመር ኮምፒውተሩ ሰዓት የሚወስድበት ምንጭ ነው፤ ከጎኑ ደግሞ ያ ምንጭ ራሱ ከማን እንደወሰደ ይታያል። የዋርዱ ኮምፒውተር ከዋናው ሰርቨር ይወስዳል፣ ዋናው ሰርቨር ከ"ጂፒኤስ"። ሥራ ላይ ሳለህ በዝናብ የሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ ወጥተህ ከተከልከው የሳተላይት አንቴና ማለት ነው፣ እማዬ ሰምታ ያኮረፈችህ ጊዜ። የላቦራቶሪው የሚወስደው ከሁለተኛ ፎቁ ሰርቨር ነው። እሱስ ከማን? "ሎካል" ይላል። ከራሱ! ፎቁ ሲታደስ ከዋናው ሰርቨር የሚያገናኘውን ገመድ ነቅለውበት፣ ከራስ በላይ ነፋስ ብሎ የገዛ ሰዓቱን ለላቦራቶሪው ሲያድል ከርሟል። ሩብ ሰዓት ያህል ወደኋላ ቀርቷል፤ ላቦራቶሪው ደሙን ሳይቀዳ የተረከበ የመሰለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ንድድ አልኩ።

ኃላፊውን ጎትቼ አምጥቼ አሳየሁት። ነርሷ በሩ ላይ ቆማለች። ደጋግሞ አነበበና፣ "ይሄን ማን አስተማረሽ?" አለኝ።

ታውቃለህ፣ "በአባቷ ገባች" እንዳይሉኝ ልጅህ መሆኔን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንተም ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ "ደህና ዋሉ፣ እመቤት" እያልክ ታልፈኝ ነበር። ሳቄን እንዴት እንደምውጠው እኔ ነኝ የማውቀው።

"ሁላችሁም ባለሰዓቱ የምትሉት ነዋ! አባቴ ነው" አልኩት። ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፣ ላቦራቶሪ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አባዬ፣ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ነርሷ ሥራዋ ላይ ናት፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። ስትመጣ በሆስፒታሉ ዋና በር ክንድህን ይዤ አስገባሃለሁ፣ እመቤት ብትለኝም አለቅህም።

ልጅህ፣
አሁን ሁሉም ያውቃል