ጀግና ነበር ብለው አለቀሱልህ

ልጄ ታድሎ፣

ከቤታችን ከወጣህ አሥር ወር አለፈ፤ አሥራ አንደኛውን ይዘናል። እኔ እናትህ እንደምታውቀኝ ነኝ። ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። ደብዳቤ የጻፍኩት ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከማኅበራችን ስም ዝርዝር በቀር የጻፍኩት የለም። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ነው። ይህችን ጥቂት መስመር ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንተ መቼም አሁን አትቸኩልም።

የምጽፍልህ ግራ ስለገባኝ ነው። ሙት ዓመትህ እየደረሰ ነው። የአባትህ ታላቅ ወንድም አያ ደሴ ከዘንገና ሰው ልከው፣ «ፈረሰኞቹን ይዤ እመጣለሁ፤ የልጁን ጋሻ አዘጋጂልኝ» ብለውኛል። ያ ጋሻ ደግሞ አንተ ከስፖንጅ የሠራኸው ነው። ላውጣው? ልደብቀው? ወይስ እውነቱን ልንገራቸው? ይህን የምጠይቀው ሰው አጣሁ። አባትህ ቢኖር እሱን እጠይቅ ነበር፤ አንተ ብትኖር ደግሞ ጥያቄውም አይኖርም።

መጀመሪያ ግን የቤቱን ልንገርህ። ክፍልህን አላከራየሁትም። ሁለት አስተማሪዎች ጠይቀውኝ ነበር፤ «ዕቃ አለበት» አልኳቸው። የሙጫው ሽታ እስከ ፋሲካ ድረስ ቆይቶ ጠፋ። የድንች መደቤ አሁን ከመናኸሪያው ወደ ላይ ተዛውሯል፤ ቦታው ንፋስ ነው። የእንግዳውን ፍራሽ ከሥሩ እየገመስክ ትወስድ እንደነበር ያወቅሁት በለቅሶህ ሰሞን ነው። አያ ደሴ ተኝተውበት ጧት ወገባቸውን ይዘው ተነሡ። «ይሄ ፍራሽ ነው ወይስ ምንጣፍ?» አሉኝ። ገልብጬ ባየው ግማሹ የለም። ጨርቁን እንደነበረ አድርገህ መልሰህ ሰፍተኸዋል፤ ስፌትህ ከእኔ ስፌት ይበልጣል። በለቅሶ መሃል ሳቅ መጣብኝና አፌን በነጠላ ያዝኩ። ሰዉ ያለቀስኩ መስሎት አጽናናኝ።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ አሁንም በደንብ አልገባኝም። ከምትሠራበት የሞባይል ጥገና ቤት ስትመጣ ያን የኮምፒውተር ጨዋታ ትጫወት ነበር። አንድ ቀን ጠራኸኝና ከራሱ እስከ እግሩ ብረት የለበሰ ሰው አሳየኸኝ። «እማዬ፣ ይሄን ልሠራው ነው» አልከኝ። «ለምን ይሆንሃል?» ብልህ «ልለብሰዋ» አልከኝ። ለብሰህ የት ልትሄድ እንደሆነ ጠየቅሁህ። ባሕር ዳር እንዲህ የሚለብሱ ልጆች አንድ ቀን እንደሚሰባሰቡ ነገርከኝ። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው እንዲህ ሲል ምን ይባላል? ያልፍለታል ብዬ ተውኩህ።

አላለፈልህም። የጄሪካን ፕላስቲክ በእሳት እያለሰለስክ የትከሻ ብረት አደረግከው። ስፖንጁን በቢላ ቀርጸህ፣ ሙጫ ቀብተህ፣ የብር ቀለም አለበስከው። ካበራ በኋላ ደግሞ ጥቁር ቀለም በጨርቅ እያሸህ አቆሸሽከው። ሰው አዲስ ነገር ሠርቶ አሮጌ ለማስመሰል ሁለት ቀን ይደክማል? ይሄም አልገባኝም። ጠመንጃ የሚመስል ነገር እንዳትሠራ ብቻ ለመንኩህ፤ ዘመኑን ታውቀዋለህ። እሺ ብለህ ተውከው።

አንድ ነገር አለ፤ ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ከገበያ ስመለስ በራፉ ላይ ተቀምጠህ የጋሻውን የቆዳ ማንገቻ በወስፌ ትበሳ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ያይሃል። «ግባ ወደ ውስጥ! የጠይብ ልጅ አስመሰልከኝ እኮ» አልኩህ። ቀና ብለህ አየኸኝ። ዕቃህን ሰብስበህ ገባህ። ከዚያ ወዲህ በራፍ ላይ ስትሠራ አላየሁህም። መብራት ሲጠፋ እንኳ ደጁ ብርሃን እያለ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠህ ትጠብቅ ነበር።

ከዚያ «ራሴን» ብለህ ተኛህ፤ በአራተኛው ቀን የለህም።

የገጠሩ ዘመድ ሁሉ መጣ። አያ ደሴ ክፍልህ ሲገቡ ጋሻውንና ጎራዴውን ግድግዳው ላይ ተሰቅለው አገኟቸው። ከአያትህ የወረደልህ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ ጋሻውን ለለቅሶ ሊያወጡት አነሡት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከባድ ነው ብለው በሙሉ ጉልበታቸው ሲያነሡት ክንዳቸው ወደ ላይ ተወነጨፈ። ጋሻውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። እሳቸውም ክንዳቸውን ዝቅ፣ ትከሻቸውን ጎበጥ አድርገው፣ ከባድ ነገር እንደተሸከመ ሰው እየተራመዱ ወጡ። በፈረስ ላይ ሆነው ለቅሶውን ሦስቴ ዞሩት።

ሴቶቹ በአዊኛ ተቀበሏቸው። ጋሻህን ማን ያነሣዋል፣ ጠላትህ ዛሬ ደስ አለው፣ ፊትህን አይተው የሸሹት አሁን ይመለሳሉ እያሉ አለቀሱ። ምን ጠላት ነበረህ፣ ልጄ? ማን ነው ከአንተ የሸሸው? ዶሮ ሲታረድ ጓሮ ሄደህ ጆሮህን የምትይዝ ልጅ ነበርክ። «ኧረ ተዉ፣ የእኔ ልጅ እንዲህ አልነበረም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ይባስ ብዬ ደረቴን እየመታሁ እነሱ ያሉትን አልኩ። ጀግና ነበር ማለት፣ ስፖንጅ ይቆርጥ ነበር ከማለት ቀለለኝ። በአደባባይ እውነቱ አሳፈረኝ። አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው፤ ያን ቀን ያለቀስነው ለአንተ ነው ወይስ ለሌላ ሰው?

የአያ ደሴ መልእክት ሲመጣ ዳንግላ ሄድኩ፤ ጓደኛህን ምሕረትን ልጠይቃት። አንተ ስትሠራ አብራህ የምትሠራው እሷ ስለሆነች ታውቃለች ብዬ ነው። ኔትወርክ ሲኖር እየደወለች ትጠይቀኛለች፤ ጥሩ ልጅ ናት። ቤቷ ግድግዳው ላይ ሰው የሚለብሰው ክንፍ ተሰቅሏል፤ ስለሱ አልጠየቅኋትም፤ ያንተውም ገና አልገባኝም።

«ያ ልጄ ልብሱን የሠራለት ሰው ማን ነው? ጀግና ነው ወይስ ክፉ?» አልኳት።

ሳቅ አለችና ፊቴን ስታይ ተወችው። «ማዘር፣ እሱ እኮ ማንም አይደለም» አለችኝ።

«እንዴት ማንም አይደለም?»

«በር ጠባቂ ነው። ጨዋታው ሲጀመር በር ላይ ይቆማል፣ ተጫዋቹ መጥቶ ይገድለዋል፣ አለቀ። ስም እንኳ የለውም።»

«ታዲያ ልጄ ከዚያ ሁሉ ሰው እሱን ለምን መረጠ?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ሰው ሁሉ ዋናውን ይሠራል፣ አንተ ምን ነክቶህ ነው አልኩት። ‹ልብሱን አየሽው?› አለኝ። ‹አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይሄን ሁሉ ስፌት፣ ይሄን ሁሉ ዘለበት ነድፎለታል። ሰው ደግሞ ሳያየው ገድሎት ያልፋል› አለኝ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ይህን ሳስብ መጣሁ። ጀግና አይደለም። ክፉም አይደለም። በር ላይ ቆሞ የሚሞት ሰው ነው፤ አንተ ደግሞ ልብሱ አሳዝኖህ ሠራህለት። ለዚህ ምን ይባላል? ከተማችን ቆሰበር እስክንደርስ ድረስ አንድም የሚባል ነገር አላገኘሁለትም።

በማግሥቱ ጋሻውን በጋቢ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ ዘንገና ወጣሁ። ንፋሱ ከእጄ ሊነጥቀኝ ስለነበር አቅፌው ተቀመጥኩ። ባለ ባጃጁ «ሕፃን ነው እንዴ?» አለኝ። ጋቢውን ይበልጥ ጠቀለልኩት።

አያ ደሴ ፈረሳቸውን እያጠቡ ነበር። ጋቢውን ገልጬ፣ «አያ፣ ይሄ ጋሻ እኮ ጋሻ አይደለም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ሳነሣው ግንባሬን ሊመታኝ ምንም አልቀረው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ለቅሶ ቤት ቆሜ ‹ይሄ ነገር አይከብድም› ልበል? የሐዘኑ ባለቤት አንቺ ነሽ፤ አንቺ ዝም ስትዪ እኔ ልናገር?» ከዚያ እጃቸውን በቡሉኮአቸው አደራርቀው ጋሻውን ተቀበሉኝ። «ማነው የሠራው?»

«ራሱ ነው።»

«በእጁ?»

«በእጁ።»

ልቤ ፈራ። በእኛ ዘር የእጅ ሥራ የሚሠራ የለም እያሉ ሲነግሩን የኖሩት እሳቸው ናቸው። ጋሻውን ገለበጡትና ወደ ፀሐይ አዞሩት። ከውስጥ ቀርከሃ ሰንጥቀህ፣ እንደ ጎድን አጥንት አጉብጠህ፣ በሲባጎ አንድ በአንድ አስረኸዋል። እኔ ውስጡን አይቼው አላውቅም ነበር። አያ ደሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀርከሃ ሲሰነጥቁ፣ አጥር ሲያጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጣታቸውን በያንዳንዱ ጉብጠት ላይ እየሰደዱ ብዙ ቆዩ።

«እንዲህ ሲያጎብጠው እንዴት አልተሰነጠቀበትም?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

«አልጠየቅሽውም?»

«አልጠየቅኩትም፣ አያ።»

«አንድ ቤት እየኖራችሁ?»

ወደ ውስጥ ግባ ያልኩህን ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፤ አላጽናኑኝምም። ጋሻውን መለሱልኝና፣ «እንግዲህ አውጪው» አሉ። «ግን ምን ብለን እናልቅስለት? የገደለ ሰው ግጥም ሞልቷል። የሠራ ሰው ግጥም እኔ አልሰማሁም።»

እኔም አልሰማሁም፣ ልጄ። ስለዚህ ያለ ግጥም አደርገዋለሁ። በሙት ዓመትህ ጋሻውን ራሴ ይዤ እወጣለሁ። ቀርከሃህ እንዲታይ ውስጡን ወደ ሰው አዞረዋለሁ። ልጄ ማንንም አላባረረም፤ ይሄን ሠራ፤ ከእንግዳ ፍራሽ ሠራው፤ እኔም አፍሬበት ነበር ብዬ እናገራለሁ። ሴቶቹ ምን ብለው እንደሚቀበሉኝ አላውቅም። ዝም ይሉኝ ይሆናል። ድምፄ ይወጣ እንደሆነም አላውቅም።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ቀርከሃ ገዝቼ፣ ሰንጥቄ፣ በራፋችን ላይ ተቀምጬ ለማጎበጥ እሞክራለሁ። በፈላ ውኃ ነክሬ ሞከርኩ፤ ተሰነጠቀ። በእሳት አሙቄ ሞከርኩ፤ ነደደብኝ። አያ ደሴ «እርጥቡን አድርጊው» ብለው ላኩብኝ፤ እርጥቡም እንዳንተ አልሆነም፤ ስለቀው ተመልሶ ቀጥ ይላል። ጎረቤቶቻችን እያዩኝ ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ምን ሆነች ይላል። ልክ ናቸው፤ እኔም ምን እንደሆንኩ አላውቅም።

አልረሳህም ማለት ለእናት ቀላል ነው፤ ማንም እናት ትለዋለች። እኔ የምልህ ሌላ ነው። ሳልጠይቅህ የቀረሁትንም አልረሳም። ስምህ በተነሣ ቁጥር ጀግና ነበር አልልም፤ እንዴት እንደሠራው ሳልጠይቀው አለፈ እላለሁ። ዛሬም ከምሳ በፊት አንድ ሞክሬ ነበር። መሃሉ ላይ ተሰነጠቀብኝ።

እናትህ