ከወፍራሙ በር ወዲያ

ዴልሂ፣ ጥቅምት 2001 ዓ.ም.

እንዳላማው፣ እንደምን ሰነበትክ?

ፖስት ካርዱ ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት አላየሁትም። እኔ ያየሁት በር ነው፤ ደጀን ላይ የሚቆመው ተሳቢ ቢገፋው የማይነቃነቅ። አባባ፣ ያንተ የኔታ፣ ጉሮሯቸውን የሚታከሙት ከዚያ ወዲያ ነው።

ውስጥ ያለው መሣሪያ ማርቆስ ሆስፒታል እንደምንነሳው ያለ ራጅ ነው አሉኝ፤ ጉልበቱ ግን ብዙ እጥፍ። ፎቶ አያነሳም፣ ዕጢውን በጨረር ያከስማል። አስተኟቸውና ሐኪሞቹም እኔም ወጣን። ቅዳሴ ላይ መጋረጃው ሲዘጋ እሳቸው ውስጥ፣ እኛ ውጭ እንደምንሆነው።

ከበሩ ውጭ ባለው ቴሌቪዥን አየኋቸው። ጨረሩ አይታይም፣ አያቃጥልም። እንዳይነቃነቁ ፊትና አንገታቸው ወንፊት በሚመስል ጭንብል ከአልጋው ጋር ተይዟል። አውራ ጣታቸው ብቻ ከጣት አንጓ ወደ አንጓ ይሄዳል። ለካ «እግዚኦ መሐረነ» እየቆጠሩ ኖሯል።

ሲወጡ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው «አርባ አንድ ሳልሞላ፣ ሃያ ስድስት ላይ ጨረሱ» አሉኝ። እንደዚያ ሲደነቁ አይቻቸው አላውቅም።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳምልኝ፤ የአምበር ተማሪዎችንም ሰላም በልልኝ። ሕክምናው ሠላሳ ቀን ይቀረዋል። አባባ «የቀረችውን አሥራ አምስት እንዳላማው በየማለዳው ይሙላልኝ» ብለዋል።

ማርያማዊት