በቀይ የሰረዝኩት ምርቃት

ውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ወሬ ላርም። ጎረቤቴን ሹፌሩን በማስመሪያ አልመታሁትም። የመታሁት ጠረጴዛውን ነው፤ እሱንም አንድ ጊዜ ብቻ። «እትዬ ጃጅታ ሰው መደብደብ ጀመረች» የሚል ወሬ እናንተ ዘንድ መድረሱን ሰምቻለሁ። ለባለቤትህ በስልክ ያደረሰችው ልብስ ሰፊዋ መሆኗን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ሰላምታዬ ልመለስ። እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለው? ትራሱን ከጀርባህ ታደርጋለህ ወይስ እንደ ልማድህ «እሺ» ብለህ ረሳኸው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ በመነጽር ያያል፤ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል፤ ሌላው በየቦታው አለ። ደህና ያልሆነው የቅዳሜው ጠረጴዛችን ነው። ለዚህ ነው የጻፍኩልህ፤ ታግሠህ እስከ መጨረሻው አንብብ።

የልጅ ልጄ ያመጣችው ጨዋታ መሆኑን ነግሬሃለሁ። እያንዳንዱ ሰው በወረቀት ላይ አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፤ አንድ ሰው ተራኪ ሆኖ ዋሻውን፣ ድልድዩንና ጭራቁን ይተርካል፤ ሰይፍ ሲሰነዘር መታ ወይስ ሳተ የሚለውን እየተጣለ ቁጥር የሚያወጣው ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይወስናል። ተራኪዋ እኔ ነኝ፤ የሕጉን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ። የልጅ ልጄ አስማተኛ ናት፤ ልብስ ሰፊዋ ቀስተኛ፤ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጋሻ ያነገበ ፈረሰኛ ነው። ሚስቱ ደግሞ ወጌሻ ነበረች። በጨዋታው ማለቴ ነው፤ በኑሮዋማ ፖስታ ቤት ነበር የምትሠራው። ካረፈች ስምንት ወር ሆናት። በጠረጴዛው ላይ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ የልብስ ቁልፍ እናቆማለን፤ ፈረሰኛው ትልቅ የነሐስ የካፖርት ቁልፍ ነው፣ ወጌሻዋ ትንሽ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ። ከሞተችም በኋላ ሹፌሩ ነጩን ቁልፍ ከነሐሱ ኋላ ያስቀምጠዋል።

ጣጣው የመጣው በመከላከያ ቁጥር ነው። ጠላት ዳይሱ ላይ የወጣለትን ከራሱ ጉልበት ጋር ደምሮ ያንተን የመከላከያ ቁጥር ካልደረሰ ይስትሃል። ሁሉም ሰው በአሥር ይጀምራል። ሹፌሩ ለብረት ልብሱ ስምንት፣ ለጋሻው ሁለት፣ ለቀለበቱ ሁለት፣ ለወጌሻዋ ምርቃት ሁለት ጨምሮ ሃያ አራት ገባ። ጉልበቱ አራት የሆነ ሽፍታ እሱን ለመንካት ድፍን ሃያ ማውጣት አለበት! ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሽፍታ ሳዘንብበት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ያፏጭ ነበር። ጉልበቱ አሥር የሆነ ጭራቅ ባመጣ ደግሞ እሱን ለመምታት አሥራ አራት ማውጣት ሲያስፈልገው፣ መከላከያዋ አሥራ ሦስት ለሆነው ቀስተኛ ሦስት ይበቃዋል። በሦስት ሳምንት ሁለት ቀስተኛ ቀበርን። ልብስ ሰፊዋ «እሱ ቆርቆሮውን ለብሶ ያፏጫል፣ እኔ ከፈን ስሰፋ ልኑር?» ብትል፣ እሱ «ክር ቆጥቢ እንጂ፣ ሦስተኛዋም መንገድ ላይ ናት» አላት። ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። አንዱ የማይነካበት፣ ሌላው የማይተርፍበት ነገር ጨዋታ አይባልም።

ስለዚህ የቤታችንን ሕግ ጻፍኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ዳይሱን ሁለት መቶ ጊዜ ጥዬ ውጤቱን መዘገብኩ። የብረት ልብስ ከስምንቱ አራቱን ብቻ ለመከላከያ ይሰጣል፤ ቀሪው አራት ከሚደርሰው ጉዳት ላይ ይቀነሳል። ማለትም ብረት የለበሰ ሰው ይመታል፣ ግን ይችለዋል። ቀለበትና ምርቃት ደግሞ አይደመሩም፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይቆጠራል። የሹፌሩ መከላከያ አሥራ ስምንት ይሆናል። ይህ ሕግ ትክክል ነው፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

ቅዳሜ አነበብኩላቸው። ሹፌሩ «ሠላሳ ዓመት ስነዳ ሕግ መንገድ መሀል ተቀይሮብኝ አያውቅም» አለ። ልብስ ሰፊዋ «አንተ ድሮም በቀይ ነው የምታልፈው» አለችው። እሱ ተነሣባት፣ እሷ ጮኸች፣ ያኔ ነው ጠረጴዛውን በማስመሪያ የመታሁት። ጸጥ ሲሉ ወረቀቱን ከፊቱ ሳብ አድርጌ በቀይ እስክሪብቶ ሃያ አራቱን ሰርዤ አሥራ ስምንት ጻፍኩ። ከቀለበቱና ከምርቃቱ አንዱ መቅረት ስላለበት «የወጌሻ ምርቃት፣ ሁለት» የሚለውንም ሰረዝኩ።

ወረቀቱን አየው። አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፤ ነጩንም ቁልፍ አንሥቶ ከተተ፤ የነሐሱን ግን እንደቆመ ተወው። ሌላ ጊዜ «አራሚዋ» እያለ የሚያበሽቀኝ ሰው «ደህና ይዋሉ፣ እትዬ» ብሎኝ ወጣ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ተናደድኩበት። በስድስት ነጥብ ይኮረፋል? የሚቀጥለው ቅዳሜ ቀረ፤ በሁለተኛውም ቀረ። ያን ቀን የልጅ ልጄ ብርጭቆ እያጠበች፣ ዞራ እንኳ ሳታየኝ፣ «አያቴ፣ ያ ምርቃት በማን እጅ እንደተጻፈ አላየሽም?» አለችኝ።

ወንድሜ፣ የሚስቱ ጽሕፈት ነበር። ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ በተጫወተችበት ቅዳሜ በእርሳስ የጻፈችለት። ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሰውን በእጅ ጽሑፉ የምለይ ሴት ይህን አላየሁም። የሚያንገበግበኝ ሌላም አለ። ቀለበቱም ሁለት፣ ምርቃቱም ሁለት ነው። ቀለበቱን ብሰርዝ ኖሮ ያው አሥራ ስምንት ይመጣ ነበር! ቀለበቱ መጽሐፉ ላይ ታትሟል፤ ምርቃቱ በእርሳስ ተሞነጫጭሯል፤ እጄ እንደ ልማዱ ለታተመው አደላ። ማተሚያ ቤት ሳለን አንዱ ጮክ ብሎ ሳያነብ፣ ሌላው በጣቱ ሳይከተል አንዲት ገጽ አታልፍም ነበር። ይህን ግን ብቻዬን አሳለፍኩት።

እሱስ ቢሆን አፍ አውጥቶ ቢናገር ምን ነበረበት? «ይቺን ተያት» ቢለኝ እጄን አልሰበስብም ነበር? አንተ ደግሞ «እትዬ፣ ጨዋታ አይደል እንዴ፣ ተይው» ልትለኝ ነው። ጨዋታ መሆኑን አላጣሁትም። ግን ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ያ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ቅዳሜ ብቻ ነበር። አሁን ጋዜጣው በሩ ሥር ተከምሯል። ትናንት ባንኳኳ ሳይከፍት «ደህና ነኝ» አለኝ። ደህና የሆነ ሰው ጋዜጣውን ያነሣል።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በስልክ የሰማችውንም በዚህ ደብዳቤ ታርመው። ትልቋ ልጅህ የጻፈችልኝ ደርሶኛል፤ ጽሕፈቷ ተስተካክሏል፣ መስመር ግን አሁንም ትለቃለች። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። አማችህን ስለ መነጽር ማኅደሩ አመስግንልኝ። አንተ ትራሱን አትርሳ።

ነገ ቅዳሜ ነው። መጀመሪያ ቀዩን እስክሪብቶ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት እርሳስ እቀርጻለሁ። ከዚያ የነሐሱን ቁልፍ ይዤ፣ ጋዜጦቹን ከደጁ አንሥቼ አንኳኳለሁ። ካልከፈተ እዚያው ቆሜ ሕጉን ከመጀመሪያው ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሱ ከውስጥ ወረቀቱን ይዞ በጣቱ ይከተል። ከከፈተ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። በእኛ ሙያ በስሕተት የተሰረዘ ቃል አይፋቅም፣ እንደገናም አይጻፍም፤ ከሥሩ ነጠብጣብ ይደረግና በኅዳጉ «ይቆይ» ይባላል። ከፈቀደልኝ በሚስቱ ጽሕፈት ሥር ነጠብጣቡን በእርሳስ አደርጋለሁ። ቀለበቱን ራሱ ይሰርዘው። አሥራ ስምንቱ ግን አሥራ ስምንት ነው።

እህትህ

ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዬ
ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት