የብሬናን እጅ

ፌብሩዋሪ 1

ዝናብ። ምን አዲስ ነገር አለ...

ወንድሜ ማላኪ ለምሳ መጣ። የአሳማ ሥጋና ጎመን ቀቅዬለት ነበር፤ ድንቹን ብቻ ነካክቶ ተወው። ያ ሳል አሁንም አለቀቀውም። ሐኪም ጋ ሂድ ስለው፣ ሐኪሙ ከኔ የባሰ ያስላል አለኝ።

ምሳውን ሳይጨርስ አንዲት ሴት ከቦይል ከተማ መጣች። ባሏ ነገ ቀዶ ጥገና አለው። ማላኪ ሹካውን አስቀምጦ ወደ ቄሱ መቃብር ይዟት ሄደ። የቄሱን አፈር የሚያነሳው የብሬናን እጅ ብቻ ነው። በድሮው የእንግሊዝ ዘመን ቄሶች ሲታደኑ ብሬናኖች ቤታቸው ደበቁት፤ እሱም ሊሞት ሲል ከመቃብሬ አፈር የምታነሱት እናንተ ናችሁ አላቸው። አንዲት ቁንጥር በጨርቅ ተቋጥራ ትራስ ሥር ትገባለች። በሽተኛው ሲነሳ አፈሩ ይመለሳል። አመሰግናለሁ ደግሞ አይባልም። ከተባለ በቃ፣ የጓሮ አፈር ነው። ሴትየዋ ደንቡን ታውቃለች፤ ቃል ሳይወጣት መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

ልጆች ሳለን የምታነሳው ሴት አያቴ ኦነር ነበረች። ወንድ አያቴ ማይክል ባርኔጣውን አውልቆ የመቃብሩ ቦታ በር ላይ ይቆማል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ነው ይሉን ነበር። ከዚያ አባቴ፣ ከአባቴ ማላኪ።

ፌብሩዋሪ 9

ማላኪ ሆስፒታል ገባ። የሳንባ ምች ነው አሉ። እጄን ይዞ "አንቺ አንሺልኝ" አለኝ። ሌላ ማን አለው?

ሄድኩ። የመቃብር ኮሚቴው ሊቀመንበር ፍራንሲ ዶከሪ በሩ ላይ ሐረግ እየቆረጠ ነበር። ለምን እንደመጣሁ ስነግረው መቀሱን እንኳ አላስቀመጠም።

"አትራክታ፣ አንቺ እኮ አግብተሽ ሄስሊን ከሆንሽ አርባ አራት ዓመትሽ ነው። የሰው ነገር አትንኪ።"

እና ተመለስኩ። በሩን ከፍቼ፣ አንድ እግሬን አስገብቼ፣ ተመለስኩ። የሰባ አንድ ዓመት ሴትዮ እንደ ተቆጡት ልጅ! ለምን?

ፌብሩዋሪ 11

ማላኪ ሞተ።

ፌብሩዋሪ 14

ቀበርነው። ሰው ብዙ ነበር። ከቀብር በኋላ መጠጥ ቤቱ ሾርባና ሳንድዊች አቀረበ። ፍራንሲ ሦስቴ እየተነሳ በላ። አፉን ጠርጎ "እንግዲህ የዚህ ደብር የመጨረሻው ብሬናን ሄደ" አለ። እዚያው ፊቱ ቆሜ! የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዤ! አናቱ ላይ ባለማፍሰሴ እስከ ዕለተ ሞቴ ይቆጨኛል።

አርባ አራት ዓመት ሙሉ አገሩ ሁሉ "አትራክታ ብሬናን" ሲለኝ ኖሯል። ባሌ ጆ ሄስሊን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ራሱ "የብሬናኗ ልጅ" ነበር የሚለኝ። ዛሬ ነው ስሜን የነጠቁኝ?

ማርች 12

የማላኪ የወር መታሰቢያ ቅዳሴ። ከቅዳሴው በኋላ ኮሚቴው አዳራሽ ገብቶ ወሰነ። አፈሩን የሚያነሳው ዴክላን ብሬናን ነው አሉ። የሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ባለቤት! ከኪልኬኒ የመጣ ሰው! ፍራንሲ "ስሙ ብሬናን ነው፣ በቃ" አለ አሉ።

እንዴት በቃ? የኪልኬኒ ብሬናንና የሮስኮመን ብሬናን ምን አገናኘው? የኛዎቹ እዚህ የመሬቱ ጌቶች ነበሩ። የእነሱዎቹ ታች ደቡብ ሌላ ዘር፣ ሌላ አባት ናቸው፤ መሬታቸውን ሲነጠቁ ሸፍተው መንገደኛ ይዘርፉ ነበር። ይህን የማያውቅ ሕፃን በዚህ ደብር የለም። እኛንና እነሱን የሚያገናኘን የስልክ ማውጫው ብቻ ነው።

ፍራንሲን አፈር ብላ ልለው ነበር። ለካ እሱንም የማዘዝ ሥልጣን የለኝም።

ማርች 13

አልበላሁም። ደሜ እንደፈላ ነው።

ማርች 20

የመቃብሩ በር ላይ ሰሌዳ ሰቀሉ። "ለአፈር ዴክላን ብሬናንን ይጠይቁ"፣ ሥሩ የስልክ ቁጥር። የውኃ ቧንቧ ጠጋኝ መሰለ እኮ!

ቀጥ ብዬ ሱቁ ሄድኩ። ምስማር እየመዘነ ነበር። ሰውየው ጨዋ ነው፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። "ሚስስ ሄስሊን፣ እኔ አልጠየቅሁም፤ ፍራንሲ ነው የለመነኝ" አለ። ሰዎች ሲያመሰግኑህ ምን ትላቸዋለህ አልኩት። ምንም አይደለም እላቸዋለሁ አለ። ምንም አይደለም! ስንት በሽተኛ የጓሮ አፈር ተንተርሶ አድሯል?

በሰው ፊት "የሽፍታ ዘር" አልኩት። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ምስማሩን መመዘን ቀጠለ። አልተጸጸትኩም።

ኤፕሪል 4

ሮስኮመን ወረድኩ፣ ቤተ መጻሕፍት። የድሮ የደብሩን መዝገቦች እዚያ ነው የሚያስቀምጡት። የብሬናኖችን ዘር ከላይ እስከ ታች ገልብጬ ፍራንሲ አፍንጫ ሥር ላስቀምጠው ነበር። እዚህ ነው የነበርነው፣ ሌላውም ከየትም የመጣ ነው ልለው።

የወንድ አያቴን ጋብቻ አገኘሁት። 1911። "ማይክል ብሬናን፣ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ፣ ከካስልኮመር፣ ኪልኬኒ። ሙሽሪት ኦነር ብሬናን፣ የዚሁ ደብር።"

ሦስቴ አነበብኩት። የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ ውኃ ላምጣልዎት አለችኝ። ምን መስዬ ይሆን...

ኤፕሪል 5

ኪልኬኒ። የገዛ አያቴ።

እዚህ አቅራቢያ፣ አሪኛ የሚባለው የከሰል ጉድጓድ ሊሠራ መጥቶ ነው ማለት ነው። እጁ ቆዳ ውስጥ የቀሩት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ትዝ ይሉኛል፤ ስንጠይቀው የዝንብ ኩስ ነው እያለ ያስቀን ነበር። ስሙን ሲናገር ሰዉ ሁሉ ከኛው ብሬናኖች አንዱ አድርጎ ቆጠረው። ማን ይጠይቃል? እሱም አላረማቸውም። አባቴም አልነገረን። ሁለት ትውልድ አፉን ዘግቶ!

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ያን ሰውዬ በምስማሩ መሀል አቁሜ ሰደብኩት። ሽፍታዋ እኔው።

የገለበጥኩበትን ወረቀት ልቅደደው? ማን ያውቃል? ማንም።

ኤፕሪል 7

አልቀደድኩትም። አንድ ነገር አልዋጥልሽ አለኝ። አያቴም እኮ ብሬናን ይባላል፣ ታዲያ ለምን በሩ ላይ ቆመ? እጁ ተንቀጥቅጦ ነው? ጥንቸል አርዶ ሲገፍፍ አይቼዋለሁ። ጢሙን ራሱ ነበር የሚላጨው...

ኤፕሪል 23

የኮሚቴው ስብሰባ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጠብ ሲሸታቸው አንዳቸውም አይቀሩም።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። ፍራንሲ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ...

"እንግዲህ አያትሽም ኪልኬኒ ከሆነ፣ ስም ይበቃል ማለት ነው፤ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው" አለ።

"ስም ቢበቃ ኖሮ ማይክል ብሬናን ዕድሜ ልኩን በሩ ላይ ለምን ቆመ?" አልኩት። "አንዴ እንኳ አልነካውም። ያነሳችው ሚስቱ ናት፤ የዚህ ደብር ብሬናን ሆና የተወለደችው እሷ ናት። ደሙ የሷ ነው፤ አባቴም ማላኪም ያገኙት ከሷ ነው። ያገባች ሴት እጅ ማላኪን ካበቃው፣ እኔን የማያበቃኝ ለምንድን ነው?"

ፍራንሲ፣ የማይክል እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር አለ። እኔም ሲነገረኝ የኖረው እሱ ነው። ያኔ የዘጠና አንድ ዓመቷ ኮንሴፕታ ቤርን ከኋላ በምርኩዟ ወለሉን መታች።

"ማይክል ብሬናን? አባቴ ቤት ካርታ ሲያድል አይቼዋለሁ። እጁ አይታይም ነበር፣ ከፍጥነቱ። የሚንቀጠቀጠው የተሸነፈው ሰው ነበር።"

አዳራሹ ሳቀ። ፍራንሲ ብቻ አልሳቀም። ዴክላን ተነስቶ ሰሌዳውን ራሴ እነቅለዋለሁ አለ። ወደኔ ዞሮ "አያትዎ የቆመበት ቦታ ለኔም ይበቃኛል" አለኝ።

በሰው ፊት ሰድቤዋለሁና በሰው ፊት መናገር ነበረብኝ። "የሽፍታ ዘር ነኝ፣ እኔም" አልኩት። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ግን አላወጣኋትም። ነገ ሱቁ ሄጄ እላታለሁ።

ኤፕሪል 24

አልኳት። ምስማር በነፃ ሊሰጠኝ ፈለገ። ምስማር ምን ያደርግልኛል?

ሜይ 9

ፍራንሲ ዶከሪ መጣ። ከነባርኔጣው፣ በዝናብ። ጉልበቱን ሰኞ ቀዶ ጥገና ሊያደርጉለት ነው። ቤቴ በር ላይ ቆሞ አየሩን አማ፣ ስለ ከብት ገበያው አወራ፣ የመጣበትን ግን አልተናገረም። እኔም አልረዳሁትም። ካፖርቱ ውኃ እስኪያንጠባጥብ አቆምኩት። መጨረሻ ላይ ወለሉን እያየ "አትራክታ ብሬናን፣ ታነሺልኛለሽ?" አለ።

እምቢ ልል ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ግን አፈሩ የኔ ቂም መወጫ አይደለም። ሴት አያቴ ለማን እምቢ አለች?

አብረን ሄድን። እሱ በሩ ላይ ቀረ። ያ የቆረጠው ሐረግ መልሶ አድጓል። ገባሁ፣ ጎንበስ ብዬ አነሳሁ፣ ጨርቅ ላይ ቋጠርኩለት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ተቀበለኝ። አፉን ሊከፍት ሲል መልሶ ገጠመው፤ አላመሰገነኝም። እያነከሰ ሄደ።

ስመለስ ከበሩ እስከ መቃብሩ ያለውን በእግሬ ቆጠርኩት። ለማላኪ ላነሳ መጥቼ በተመለስኩ ቀን የቀረኝ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነበር።