በእማማ ፍሪጅ ያደረው ናሙና

መስከረም 17፣ መስቀል

የክረምቱን የመጨረሻ ናሙናዬን አከራዬ እማማ አስካለ ጠጡት።

ትናንት ለመመረቂያ ጽሑፌ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ቀድቼ ነበር፤ አንዱን ከእንጦጦ ማርያም በታች ካለ ምንጭ፣ ሌላውን ከቀበና ወንዝ። ተራራው ላይና ከተማው ውስጥ፣ በክረምትና በበጋ፣ ውሃው ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች እንዴት እንደሚለያዩ ነው የማጠናው። ላብራቶሪው ለደመራ ስለተዘጋ ጠርሙሶቹን እማማ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኳቸው። በላያቸው «ቀበና»፣ «እንጦጦ ማርያም» ብዬ ጽፌያለሁ። ጠበል ነው ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

ዛሬ ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላዬ መጡ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ! ጠበል ይዘህ መጥተህ ዝም ትላለህ? በባዶ ሆዴ አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ።»

ጠርሙሱ ግን ሙሉ ነበር።

«እንዳይጎድልብህ ከቧንቧ ሞላሁልህ። ጠበል ውሃ ቢጨመርበት ያው ጠበል ነው» አሉኝ።

የቀበናውን ስላልነኩት ፈጣሪን አመሰገንኩ። ከዚያ ያሰብኩት ግን እሳቸውን አይደለም። ዝናቡ እያበቃ ነው፤ እንደገና እስክቀዳ ካባራ ለሌላ ናሙና እስከሚመጣው ክረምት ልጠብቅ ነው እያልኩ ስናደድ ቆየሁ። «ሆድዎን ምንም አላለዎትም?» ብዬ የጠየቅኳቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አፈርኩ።

«እንዲያውም ጉልበቴን ቀለል ብሎኛል» አሉ።

የምንጭ ውሃ ነው ልላቸው አፌን ስከፍት፣ እሳቸው ወደ ግቢው ወጥተዋል። ምርኩዛቸው ፍሪጁ ላይ እንደተደገፈ ቀረ።