የሦስት ወር ሕግ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? እኔ፣ እንዳላማውና ወለላ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነን። አስቀድሜ የሚያሳፍረኝን ልናገርና ይውጣልኝ፤ ለሠርጌ የፈተሉልኝ ነጠላ ጫፉ ተቀደደ። ያውም ሰው ፊት፣ በገበያ ቀን። ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ውሃ ለሚቀዳው ሁሉ ስታወራው ከረመች።

እንዴት ተቀደደ ይሉኝ ይሆናል። ከወንድምዎ ከአካለ ወልድ ጋቢ ጋር ቋጥሬው ነበር።

ቅዳሜ በጠዋት መጣ። እርስዎ ልከውት ወለላን ወደ አማኑኤል ሊወስዳት፣ ከእርስዎ ዘንድ ተቀምጣ ፊደል ሊያስቆጥራት እንደሆነ ነገረኝ። ልጄን አገጯን ይዞ፣ «ስምንት ዓመት ሞላት አይደል? አንቺንም በዚሁ ዕድሜ ነው የጀመርኩሽ» አለ፤ እየሳቀ።

እናቴ፣ ይህን የምጽፍበትን ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ከፊደሉ ጋር ያደረገኝን ደግሞ እርስዎም እኔም እናውቃለን።

እጁን ከልጄ ላይ አስለቅቄ «በሕግ አምላክ» አልኩት። የነጠላዬን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠርኩ። እንደ አገሩ ደንብ ቁራኛዬ ሆነ፤ ዳኛ ካልፈታን ማን ይፈታናል? ገበያውን መሐል ለመሐል አቋርጠን ወጣን። ከጣልያኑ ሹም ደጅ ተራችን እስኪደርስ ሲቀመጥ ተቀመጥኩ፣ ሲነሣ ተነሣሁ። አሥራ አምስት ዓመት ጠረኑን ስሸሽ ኖሬ በገዛ እጄ ከጎኑ ታሰርኩ። ሙላቷ የምትባል ጠላ ሻጭ ቋጠሮውን ሳታይ፣ አባትሽ ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እሱ ቀደመኝና የእህቴ ልጅ ናት አላት።

ከሹሙ ፊት ስንቀርብ ነገሬን ለአስተርጓሚው ተናገርኩ። ሹሙ መጽሐፍ ገለጠ። እንዲህ ያለው ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል፣ ያንቺማ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል ተባልኩ።

«ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሦስት ወር ውስጥ ለማን አቤት ልበል? እናንተስ ያኔ የት ነበራችሁ?»

አስተርጓሚው ከንፈሩን ነከሰ። «እቴ፣ ይኼን ብተረጉመው ሁለታችንም ከዚህ አንወጣም» አለኝ በሹክሹክታ።

ፍቱ ተባልን። ቋጠሮው እምቢ ሲል ወንድምዎ ጎተተው። ነጠላዬ የተቀደደው ያኔ ነው። ጋቢው ምንም አልሆነም።

ያን ጊዜ ያሉኝን አልረሳሁም። ቀሚሴን ወንዝ ወርደው አጥበው ሲመለሱ፣ ዝም በይ ልጄ፣ ባል ይኑርሽ፣ ባል ያላት ሴት ነገሯ ይሰማል አሉኝ። ባል አገኘሁ። ለእንዳላማው የነገርኩት ገና ባለፈው ቅዳሜ ነው፤ ሰምቶ ሲጨርስ ተነሥቶ ለክሱ ዋስ ሆነኝ። የቆየሁት በእርስዎ ቃል ነው፤ ሕጉ ግን የቆየ ሰው አይወድም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩልዎ። ሹሙ ሽማግሎቻችሁ ከፈለጉ ይዩት ስላለ ወደ አገር ሽማግሌው ወደ አያ ክንዴ ሄድን።

«እኔ ዓመት አልቆጥርም» አሉ አያ ክንዴ፤ «ምስክር ግን እሻለሁ።»

የያኔውን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ ብዬ ስም ጠራሁ። እሱንም የመከላከያ ምስክር ጠየቁት፤ ሳያመነታ ጠራ። ጸሐፊው ብዕሩን አቁሞ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየ። ሁለታችንም የጠራነው የእርስዎን ስም ነበር።

እንዲህ መተማመኑን ከየት አገኘው? ከሹሙ ፍርድ ይልቅ ይኼ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ቀጠሮው ማክሰኞ ከአያ ክንዴ ደጅ ነው፤ እርስዎም መስቀል ይዘው ይምላሉ። እሱ ከረታ ስሜን አጠፋች ብሎ ይከሰኛል፣ ወለላንም አማላጅ ልኮ ይወስዳታል። ወንድም ሥጋ መሆኑን አላጣሁትም፤ እሷስ ሥጋዎ አይደለችም? እንዳላማው ሰኞ በማለዳ ከደጅዎ ይደርሳል፤ ቀስ እያደረገ ያመጣዎታል።

እመብርሃን ጉልበትዎን ታጽናልዎ፣ አንደበትዎንም ትጠብቅልዎ። ከመጡ ብይኑን ጎን ለጎን ቆመን እንሰማለን፤ ከቀሩም ማን ምን ብሎ እንደማለ፣ ምን እንደተፈረደ አንድ ሳላስቀር ጽፌ እልክልዎታለሁ።

የወለላ እናት